ግቢያችንን ሙሉ ታይል አለበስነው፤ አሁን ጎርፉ የታችኛዋ ጎረቤታችን ቤት ይገባል

ላይኛው ፈረንሳይ — ግንቦት 17

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ሥር ዳገቱ ላይ ነው። ሰፈሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቤቶቹ እንደ ደረጃ አንዱ ከአንዱ በላይ ናቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት ግቢውን አሳደስን። በፊት መሃሉ ሣር ነበር፣ ዳር ዳሩን ጎመንና ጤና አዳም፣ በሩ ጋ ደግሞ አንድ ትልቅ የኮክ ዛፍ። ጭቃው አስቸገረን፣ ለመኪናም ጠበበ ብለን ሁሉንም አንስተን ታይል አነጠፍን። ኮኩንም ቆረጥነው። ሲያልቅ እውነትም ያምር ነበር።

ዓምና ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው። ከጣሪያው በአሸንዳ የወረደው ታይሉ ላይ ከወረደው ጋር ተደምሮ በበሩ ሥር ወጣ፣ ጠባቧን የኮብልስቶን መንገድ ይዞ ወረደና ከታች ያሉት እናት ቤት ገባ። ደውለውልን ስንወርድ ውሃውን ከሳሎን በጣሳ እየቀዱ ወደ ውጭ ይደፋሉ። ሊጥ የተቦካበት ባልዲ ከማዕድ ቤት ተንሳፍፎ መጥቶ ሶፋው ሥር ቆሟል። ክፉ ቃል አልተናገሩንም። “እግዜር ያመጣው ነው ልጄ” አሉኝ። ዝናቡን እግዜር አምጥቶት ይሆናል፤ ጎርፉን የላክነው ግን እኛ ነን። ሣሩ እያለ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ክረምቱ ደረሰ። የመንገዱ ዲች ጠባብ ነው፣ ቶሎ ይሞላል። ውሃውን እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ማስቀረት ይቻላል? ጣሪያችን 120 ካሬ ነው፣ ታይሉ 90 ካሬ። የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ።


ቱቦና ቦይ — ግንቦት 17

ወንድሜ፣ ጥፋቱን ራስህ ላይ ማየትህ በጣም ደስ ብሎኛል። ሥራዬ የመንገድና የጎርፍ ማስወገጃ ዲዛይን ነው፤ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ “የእኔ ግቢ ውሃ የት ሄደ?” ብሎ የጠየቀኝ ሰው ጥቂት ነው።

ከሒሳቡ እንጀምር። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። ያንተ ጣሪያና ታይል ተደምሮ 210 ካሬ ነው። ሐምሌ ላይ 25 ሚሊ ሜትር በአንድ ከሰዓት ቢጥል 5,250 ሊትር ማለት ነው። በባለ 200 ሊትር በርሜል ብትለካው 26 በርሜል ሞልቶ ይተርፋል። ይህ ሁሉ ከአንድ ግቢ ብቻ፣ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ሲወጣ አስበው። አሁን መንገዳችሁ ላይ ያሉትን ግቢዎች ቁጠር።

ሣርና ጎመን እያለ የዚህ ውሃ ጥሩ ድርሻ እዚያው ይሰርግ ነበር። የቀረውም ቅጠልና ሥር እየያዘው ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ትልቁ ቁም ነገር ይሄ “ቀስ ብሎ” የሚለው ነው። ዲች የሚሞላው ውሃ ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ የሁሉም ሰው ውሃ በአንድ ጊዜ ስለሚደርስ ነው። ታይል፣ ሊሾ፣ አስፋልትና ቆርቆሮ ውሃውን ያፈጥኑታል። አዲስ አበባ ደግሞ ለፍጥነት የተመቸች ናት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ ወደ 2,100 ዝቅ ይላል። በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ውስጥ። ያ ውሃ በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በባንትይቀጡ እየተንደረደረ አቃቂ ወንዝ ይገባል፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ።

አንተ የጠየቅኸውን ነገር በሙያው አረንጓዴ መሠረተ ልማት ይሉታል። ዝናቡን በወረደበት ቦታ በአፈር፣ በተክልና በጠጠር ይዞ ማስረግ፣ የማይሰርገውን ማዘግየት ነው። ላንተ ግቢ የሚሆነው የዝናብ ጓሮ ነው። ጎድጓዳ መደብ ትቆፍራለህ፣ ሥሩ ጠጠር፣ ላዩ ውሃ የሚያሳልፍ አፈር፣ ከዚያ ተክል። አሸንዳውና ታይሉ ውሃቸውን ወደዚያ ይልካሉ።

እባክህ አንድ ነገር ብቻ ያዝልኝ፦ ጓሮው ከታይሉ ዝቅ ማለት አለበት። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መደቡን በብሎኬት ከፍ አድርገው፣ አፈር ሞልተው፣ አበባ ይተክሉበታል። ያማረ አበባ ይሆናል፤ ከመሬት የሚመጣው ውሃ ግን ዞሮት ያልፋል። በየመንገዱ መሃል ያለውን ሣር እዩት፤ ብዙው ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ፣ በጠርዝ ድንጋይ ታጥሮ ነው የተሠራው። ዝናብ ሲጥል ሣሩ ላይ የወረደው ጭምር አፈር ይዞ ወደ አስፋልቱ ይፈስሳል። ያው ሣር አንድ ጫማ ዝቅ ብሎ፣ ጠርዙ በየጥቂት ሜትሩ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ መንገዱን ያደርቅልን ነበር። ይህን ስብሰባ በተገኘሁ ቁጥር እናገራለሁ። እዚህም እናገራለሁ።


ሳሪስ አቦ — ግንቦት 18

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን እውነቱን እንነጋገር። እኛ ሰፈር ጎርፍ የሚያመጣው የታይል ጉዳይ አይደለም። ዲቹ በፌስታልና በሃይላንድ ተደፍኖ ነው። ባለፈው ዓመት ወጣቶቹ ተሰብስበው አንድ ማንሆል ሲከፍቱ ፍራሽ አወጡ። ሙሉ ፍራሽ! የሽንት ቤት መስመሩን ከጎርፍ ቱቦ ጋር የቀጠለም አለ። አበባ ብንተክል ይህንን ምን ያደርገዋል? ቱቦ ማስፋትና ማጽዳት የሚመለከተው አካል ሥራ ነው። ድሃ ሰው በ40 ካሬ ግቢ የት ይቆፍር?


ቱቦና ቦይ — ግንቦት 18

ሳሪስ አቦ፣ ስለ ዲቹ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነህ። የተደፈነ ዲች ባለበት ሰፈር የመጀመሪያው ሥራ ማጽዳት ነው፤ ሁለተኛውም ማጽዳት ነው። ቱቦ አያስፈልግም ያለ የለም። ከባድ ዝናብ የሚያመጣውን ውሃ ጓሮ ብቻውን አይችለውም። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሰባት ሰው ሕይወት የቀጠፈው ዓይነት ጎርፍ ሲመጣ ሰፊ ቦይና ክፍት የወንዝ ዳር ያስፈልጋል።

ግን ቱቦ ብቻ ማስፋትም አያዛልቅም። ከላይ ያለው ሰፈር ግቢውን በለበጠ ቁጥር የታችኛው ቱቦ ይጠባል። ዛሬ የምትቀብረው ሰፊ ቱቦ ከአሥር ዓመት በኋላ ጠባብ ነው። የዴንማርክን ዋና ከተማ ኮፐንሃገንን ተመልከት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2011 በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ 150 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደባት። ብዙ ምድር ቤት ተጥለቀለቀ፣ ኪሣራው ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ። በዓመቱ እቅድ አወጡ። እቅዱ ውስጥ ከመሬት በታች ትልልቅ ቱቦዎች አሉ፤ ከቱቦው ጋር ግን መናፈሻዎቻቸውን ዝቅ አድርገው ቆፈሩ። ኤንግሄቨ የሚባለው ፓርካቸው ከ20,000 ኪዩቢክ ሜትር በላይ ውሃ ይይዛል። ደረቅ ቀን ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ የክፉ ቀን ገንዳ ይሆናል። ሁለቱ ተጋግዘው ነው የሚሠሩት።

የ40 ካሬውን ጥያቄ ልመልስልህ። ድሃው ሰፈር ግቢ አይቆፍርም፤ መቆፈር ያለበት ላይ ያለው ነው። ባለ ሰፊ ግቢው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ የመኪና ማቆሚያው። ውሃ ከላይ ነው የሚመጣው።


ከሲያትል ደቡብ — ግንቦት 18

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሲያትል 14 ዓመቴ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዝናብ ሲባል የሚነሳው የእኛ ከተማ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ሲያትል በዓመት የሚዘንበው ወደ 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ያነሰ! ልዩነቱ እዚህ ካፊያ ነው፤ ወራቱን ሙሉ ያንጠባጥባል። የአገር ቤት ሐምሌ ግን በርሜል ይገለብጣል።

በከተማው ሰሜን በኩል አንድ መንገድ አለ፣ ሁለተኛ አቬኑ ኖርዝዌስት። እ.ኤ.አ. በ2001 ተሠርቶ ያለቀ ነው። ኡበር ስሠራ አንድ ተሳፋሪ አድርሼ ስመለስ መንገዱ ገርሞኝ ቆምኩ። ቀጥ ያለ አይደለም፣ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ዳርና ዳሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ቁጥቋጦና ዛፍ ሞልቶታል። የሰፈሩ ሰውዬ ውሻውን ይዞ ወጥቶ አስረዳኝ። ድሮ አስፋልቱ 25 ጫማ ስፋት ነበረው፣ ወደ 14 ጫማ አጠበቡት። በተረፈው መሬት 100 ዛፍና 1,100 ቁጥቋጦ ተከሉበት። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች መሣሪያ ተክለው ለኩት፣ ከመንገዱ ይወጣ ከነበረው ጎርፍ 99 ከመቶው ቀረ አለኝ። እቤቴ ገብቼ አጣራሁት፣ እውነት ነው።

እዚህ ሬይንዋይዝ የሚባል ፕሮግራም አለ። ቱቦው በሚጨናነቅበት ሰፈር የምትኖር ከሆነ የዝናብ ጓሮ ወይም የውሃ ታንከር ስትሠራ ወጪውን ይመልሱልሃል። አንድ ወዳጄ የሠራው ላይ አግዤዋለሁ። የገረመኝ ነገር ከሥራው ሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደው ጉድጓዱን ከመቆፈር በፊት ያለው መለካት ነው። ትንሽ ጉድጓድ ውሃ ሞልተው እስኪሰርግ ሰዓት ይዘው ተቀምጠው ጠበቁ። ላይኛው ፈረንሳይ፣ ይህን እንዳትዘል።


ሰሚት ብሎክ 30 — ግንቦት 19

ሰላም። ሰሚት ኮንዶሚኒየም የነዋሪዎች ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። ከሲያትል ደቡብ ያለውን የውሃ ሙከራ ትናንት እዚሁ ሞከርኩት። የእኛ መሬት ጥቁር አፈር ነው፣ በጋውን ሙሉ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍሬ ባልዲ ውሃ ሞላሁበት። በአሥር ደቂቃ ጠጣው! በጣም ደስ ብሎኝ ለኮሚቴው ነገርኩ። ይሠራልናል ማለት ነው?


ቱቦና ቦይ — ግንቦት 19

እህቴ፣ ደስታሽን ላበላሸው አልፈልግም፤ ግን ያ ስንጥቁ ነው የጠጣው። ጥቁር አፈር በበጋ ያታልላል። ሲጠግብ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ከዚያ በኋላ እንደ ሸክላ ገንቦ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ጉድጓዱን ዛሬ ሙይው፣ ነገም ሙይው፣ ከነገ ወዲያ የሞላሽው በስንት ሰዓት እንደወረደ ንገሪኝ።


ሰሚት ብሎክ 30 — ግንቦት 22

እንዳልከው ነው። ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሞላሁት፣ ማታ 12 ሰዓት ሳየው ሁለት ጣት እንኳ አልወረደም። ልጆቹ ጀልባ አንሳፈፉበት።


ቱቦና ቦይ — ግንቦት 22

እንግዲህ እናንተ ጋ ማስረግን እርሺው፤ ማዘግየት ግን ይቻላል። ጥቁር አፈር ውስጥ ከሕንፃ መሠረት አጠገብ ውሃ ማጠራቀም ደግሞ አደገኛ ነው። አፈሩ ሲያብጥና ሲሸበሸብ ወለልና ግድግዳ ይሰነጥቃል። ስለዚህ ከብሎኩ ርቃችሁ፣ በሁለት ብሎክ መሃል ባለው ክፍት ቦታ፣ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ሣራማ ቦይ አውጡ። ሥሩ ላይ ጠጠርና የተበሳሳ የፕላስቲክ ቱቦ ይቀበር። ቱቦው ቀስ እያለ ወደ ዋናው ዲች ይለቅቃል። ውሃው አይጠፋም፤ የሚደርሰው ግን ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ዲቹ ሲቀልለው ነው። ከዚያ በላይ የሚጠቅማችሁ ከየጣሪያው አሸንዳ ሥር ሮቶ ማስቀመጥ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለደረጃ ማጠቢያና ለሽንት ቤት የሚሆን ውሃ በነጻ እየወረደ መድፋት ያሳዝነኛል።


ብራይትውድ ዲሲ — ግንቦት 23

የዋሽንግተን ዲሲን ልምድ ልጨምር። ከከተማችን አንድ ሦስተኛው የድሮ ቱቦ ነው፤ የዝናቡም የሽንት ቤቱም ውሃ በአንድ መስመር ይሄዳል። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ቱቦው ሞልቶ ያልተጣራው ፍሳሽ አናኮስቲያ፣ ፖቶማክና ሮክ ክሪክ የሚባሉት ወንዞች ውስጥ ይገባል። ለዚህ ብለው ከመሬት በታች ባቡር የሚያሳልፍ የሚያህል ዋሻ ቆፍረዋል። የአናኮስቲያው እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ጀምሯል። በሮክ ክሪክ በኩል ግን በዋሻ ፋንታ አረንጓዴ ሥራ ይሁን ተባለ። የእኛ ሰፈር ጓሮ መንገዶች ላይ ውሃ የሚያሳልፍ ጡብ የተነጠፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰው ግቢውን እንዲያስብበት ያደረገው ግን የውሃ ቢሉ ይመስለኛል። በየወሩ፣ ውሃ በማያሳልፈው መሬትህ ስፋት ልክ ትከፍላለህ። ጣሪያህ፣ መኪና ማቆሚያህ፣ ሁሉም ይቆጠራል። ጓሮ ወይም በርሜል ካደረግህ ቅናሽ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ትልቅ ሕንፃ የሚሠራ ሰው የመጀመሪያውን 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ እዚያው ግቢው ውስጥ እንዲያስቀር ሕጉ ያስገድደዋል። ይህ ሕግ ለአዲስ አበባ ቢመጣ ምኞቴ ነው። ቦሌ ላይ የሚነሣው ፎቅ ሁሉ ምድር ቤቱ ለመኪና ተቆፍሮ የለ፤ ትንሽ ጨምሮ ለዝናብ ውሃ ገንዳ ማድረግ አያቅተውም።

ስለ ጡቡ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። አቧራና ቅጠል ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ በማሽን እየተሳበ መጽዳት አለበት። አቧራ በሚበዛበት ቦታ እኔ ብሆን በእሱ አልጀምርም።


ቱቦና ቦይ — ግንቦት 23

በጡቡ እስማማለሁ። ለእኛ ሰፈር ኮብልስቶን ይሻላል። በድንጋዮቹ መሃል አሸዋ ብቻ ከተሞላ ጥቂት ውሃ ያሳልፋል። ሲሚንቶ ካንቆረቆሩበት ግን ከአስፋልት አይለይም። ዳገት ላይ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ያው ነው፣ ውሃው ለመስረግ ጊዜ አያገኝም።


ደቻቱ ማዶ — ግንቦት 24

እኔ ከድሬዳዋ ነኝ። እዚህ የምትሉትን ሁሉ በጉጉት አነበብኩ፤ ግን ሆዴን አንድ ነገር በላው።

በሐምሌ 1998 ሌሊት ደቻቱ ሲመጣ ልጅ ነበርኩ። ደቻቱን ለማታውቁት፣ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይነግድበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል። ያን ሌሊት ድሬዳዋ ላይ ይህን ያህል አልዘነበም። ዝናቡ የጣለው ላይ፣ ደንገጎ ተራራ በኩል ነው። ድምፁን አስታውሳለሁ፤ መኪና ጠጠር ሲገለብጥ የሚያሰማው ዓይነት፣ ግን የማያቆም። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ወንዙ ዳር የነበረ የጎረቤታችን ቤት ጠዋት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ተራራው ላይ ግን እርከንና ዛፍ ከሌለ ግንቡ ብቻውን ያሳስበኛል። አዲስ አበቤዎች ስለ ወንዝ ዳር ስታወሩ ይህን አስቡልኝ። ወንዝ ሲደርቅ ቦታውን ለቀቀ ማለት አይደለም። ወንዝ ዳር መናፈሻ ሲሠራ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም መናፈሻ ቢጥለቀለቅ ወንበር ነው የሚርሰው።


የችግኝ ነገር — ግንቦት 25

ደቻቱ ማዶ፣ እግዚአብሔር የሞቱትን ነፍስ ይማር። አሁንም ድምፁ ጆሮህ ውስጥ እንዳለ ያስታውቃል።

ላይኛው ፈረንሳይ፣ ስለ ተክሉ ማንም አልነገረህምና እኔ ልንገርህ፤ ችግኝ አፍልቼ ነው የምተዳደረው። የዝናብ ጓሮ ሦስት ዓይነት መሬት አለው። መሃሉ ውሃ ይቆምበታል፣ ተዳፋቱ እየረጠበ ይደርቃል፣ ከንፈሩ ደረቅ ነው። ለመሃሉ ቄጠማ የሚያህለው የለም። ቄጠማ እኮ የረግረግ ልጅ ነው። ለበዓል ከገበያ የምንገዛው ረግረጉ እየጠፋ ከሩቅ ይመጣል፤ ግቢህ ውስጥ አብቅለው። ለተዳፋቱ ቬቲቨር ሣር ተክል፣ ሥሩ ቁልቁል ወርዶ አፈሩን ጠፍንጎ ይይዛል። ለከንፈሩ ጤና አዳምህን መልስ፣ የጥብስ ቅጠልም ጨምርበት። እነዚህ እግራቸው ውሃ ውስጥ ሲቆም ይበሰብሳሉ፣ መሃል እንዳታደርጋቸው።

ባህር ዛፍ ግን እባክህ አትትከል። ሥሩ ለቤትም ለግንብም አይሆንም። ቦታ ካለህ ከቤቱ ራቅ አድርገህ አንድ ወይራ። ቶሎ አያድግም፣ ግን ለልጅህ ይደርሳል።

የመጀመሪያውን ክረምት አፈሩን ባዶ አትተወው። ተክሉ እስኪይዝ ገለባ ወይም የደረቀ ሣር አልብሰው።


እናት ዓለም — ግንቦት 25

ውሃ አጠራቅሞ ማቆም ትንኝ አያመጣም? ሕፃን ልጅ አለኝና ፈራሁ።


ቱቦና ቦይ — ግንቦት 25

ጥሩ ጥያቄ ነው። በትክክል የተሠራ የዝናብ ጓሮ ውሃው በአንድ ቀን፣ ቢበዛ በሁለት ቀን ይደርቃል። የትንኝ እንቁላል ትንኝ ሆኖ ለመብረር ሳምንት ገደማ ውሃ ይፈልጋል። ሁለት ቀን አልፎት ውሃ የሚተኛ ከሆነ ጓሮው ተበላሽቷል ማለት ነው፣ መስተካከል አለበት። በርሜልና ሮቶ ግን ሁልጊዜ ክዳን ይኑረው፤ ለትንኙም ለሕፃኑም። የኩሽናና የሽንት ቤት ፍሳሽም በፍጹም ወደ ጓሮው አይግባ። የዝናብ ውሃ ብቻ።


የቀበና ልጅ — ግንቦት 26

ልጆቼ፣ እኔ ስድሳ አምስት ዓመቴ ነው። ቀበና ወንዝ ዳር ነው ያደግሁት። ያኔ ልብስ የምናጥበው ወንዙ ውስጥ ነበር፤ ድንጋዩ ላይ አስጥተን፣ እስኪደርቅ ገላችንን እንታጠብ ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ እናታችን ትከለክለናለች። ግን አሞላሉ ቀስ ብሎ ነበር። ጠዋት ዘንቦ ከሰዓት ነው ወንዙ የሚደፈርሰው። አሁን ልጄ ቤት ሆኜ ሳይ ዝናቡ ገና ሳያባራ ወንዙ ያጓራል። ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ። ተባረኩ።


ላይኛው ፈረንሳይ — ሰኔ 2

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እትዬ የቀበና ልጅ፣ የጻፉትን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

ሙከራውን አድርጌያለሁ። ከግቢው ላይኛ ጥግ አራት ታይል አነሳሁ፣ ከሥር ቀይ አፈር ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍሬ ሁለት ቀን በተከታታይ ሞላሁት። በሦስተኛው ቀን በአንድ ሰዓት 6 ሳንቲ ሜትር ወረደ። እርሳስ ላይ ምልክት አድርጌ ነው የለካሁት፤ ልጄ ሰዓት ትቆጥር ነበር። ይበቃል?

ጉድጓዱን ከታች በኩል፣ በሩ ጋ ላደርገው ነው። ውሃው ራሱ ወደዚያ ስለሚሄድ ይቀላል።


ቱቦና ቦይ — ሰኔ 2

6 ሳንቲ ሜትር በጣም ጥሩ ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር ከግማሽ እንኳ ቢሆን እቀበለው ነበር።

ቦታውን ግን ቆይ! ከበሩ በታች የድጋፍ ግንብ የለም? ዳገት ላይ ከግንብ ጀርባ ውሃ ማስረግ አይደረግም። አፈሩ ውሃ ሲጠግብ ይከብዳል፣ ግንቡን ይገፋል። ግንቡ ቢወድቅ የሚወድቀው እኚያው እናት ላይ ነው። ጎርፍ አድነናቸው ግንብ እንዳንጥልባቸው። ሙከራውን ያደረግህበት የላይኛው ጥግ ይሻላል፤ ከቤትህ መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። የጣሪያውን ውሃ በቱቦ ወደዚያ ውሰደው። ከታይሉ የሚወርደውን በበሩ አጠገብ ጠባብ ባለ ፍርግርግ ቦይ ያዘውና ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ አጠራቅመህ በፓምፕ መልሰው፤ አለዚያ የታይሉን ቁልቁለት ራሱን አዙረው። ሁለተኛው ይሻላል። ፓምፕ መብራት ሲጠፋ አይሠራም፣ ዝናብና መብራት መጥፋት ደግሞ አብረው ይመጣሉ።

ልኩን ልስጥህ። 15 ካሬ ታይል አንሣ። ላዩ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ውሃ የሚቆምበት ባዶ ቦታ ተው፤ 2,250 ሊትር ይይዛል። ከአፈሩ ሥር 40 ሳንቲ ሜትር 02 የሚባለውን የኮንክሪት ጠጠር አድርግ። በጠጠሩ መሃል ያለው ክፍተት ሲሶ ያህል ነው፣ እሱም 2,000 ሊትር ይይዛል። ከአሸንዳው ሥር ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ጨምር። ድምሩ 5,250። መጀመሪያ የነገርኩህን ቁጥር አስታውስ።

ከዚያ በላይ ለሚመጣው መትረፊያ ቱቦ አድርግለትና ወደ መንገዱ ዲች ይሂድ። መትረፊያ የሌለው ጓሮ እንዳትሠራ።


ሳሪስ አቦ — ሰኔ 3

እኔም ልናገር። በዕድራችን ስብሰባ ላይ ይህን ውይይት አነበብኩላቸው። ዲች ለማጽዳት በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ እንድንወጣ ተስማምተናል፤ ለቆሻሻው መኪና ዕድሩ ይከፍላል። ከእኛ በላይ ያለው ትምህርት ቤት ግቢው ሰፊ ነው፣ ሜዳው ወደ መንገዱ ያዘነበለ ነው። ዳሩን ዝቅ ያለ ቦይ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ርዕሰ መምህሩን ልናነጋግር ሦስት ሰው መርጠናል። አንዱ እኔ ነኝ። ምን ብዬ እንደምጀምር አታውቁም?


ብራይትውድ ዲሲ — ሰኔ 3

በሒሳቡ ጀምር ወንድሜ። የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ለካና ስንት በርሜል እንደሚያወርድ ንገራቸው። የሳይንስ መምህሩን ከያዝክ ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ይለኩታል።


ላይኛው ፈረንሳይ — ሐምሌ 14

ዘግይቼ ነው የመጣሁት፣ ግን የምነግራችሁ አለኝ።

ሥራው ሰኔ 20 አለቀ። የታይሉን ቁልቁለት ማዞር ከሁሉ በላይ ወጪና ጊዜ ወሰደ፤ ግማሹን አንስተን መልሰን ነው ያነጠፍነው። ቄጠማው የመጣው ከየችግኝ ነገር ነው፣ ዋጋ ቀንሶልኛል፣ እግዜር ይስጠው። የመጀመሪያው ሳምንት ተክሉ ጠውልጎ ባለቤቴ ልታለቅስ ነበር።

ትናንት 9 ሰዓት ላይ ጣለ። እንደ ዓምናው ነው፣ ቆርቆሮው ላይ ሰው ሰውን አይሰማም። ጃንጥላ ይዤ ጓሮው ዳር ቆምኩ። ሮቶው ቶሎ ሞላ። ከዚያ ውሃው በጠጠሩ በኩል ገባና ቄጠማው መሃል መነሣት ጀመረ። ያቆምኩት ባለ ምልክት ዘንግ ላይ 8 ደረሰ፣ 11 ደረሰ፣ 13 ላይ ቆመ። በበሩ ሥር ወጥቼ አየሁ፤ መንገዱ ላይ ከሌሎች ግቢ የሚመጣው ይወርዳል፣ ከእኛ በር ሥር ግን ጠብታ የለም። ማታ 3 ሰዓት በባትሪ ሳየው ጭቃው ብቻ ቀርቷል።

ታች ወርጄ እናትን ጠየቅኳቸው። ከላይ ከሌላው ግቢ የመጣ ጥቂት ውሃ ደጃፋቸው ድረስ ደርሶ ተመልሷል፣ ቤት አልገባም። ዛሬ ጠዋት መጥተው ጓሮውን ዞረው አዩት። ለእንቁጣጣሽ ቄጠማ ከእኔ እንደሚወስዱ ነግረውኛል።

ሌላው ነገር፣ በላይ በኩል ያሉት ጎረቤቶቻችን እሁድ ሊያዩት ይመጣሉ። የእነሱ ጣሪያ 200 ካሬ ይሆናል፣ ግቢያቸውም ሙሉ ሊሾ ነው። ችግሩ በእነሱና በእኛ መሃል ያለው ግንብ የቆየ ነው፣ አንድ ቦታ ሆዱን ገፍቷል። ቱቦና ቦይ፣ ፎቶ ልላክልህ?


ቱቦና ቦይ — ሐምሌ 14

ላክልኝ። ከታች፣ ከእናንተ በኩል ሆነህ አንሣው። ማስተንፈሻ ቀዳዳ መኖሩንና ዝናብ ሲዘንብ ውሃ በቀዳዳው መውጣቱን ልይ። ሆዱ የገፋበት ጋ ሜትር አስጠግተህ አንሣልኝ። እኔ ሳላየው እሁድ ምንም እንዳይቆፍሩ ንገራቸው።